ባሌስትራውን ያሰርኩበት ጠፍር

የመኪና የኋላ ጎማ የፊተኛውን ዱካ ሲስት ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ወደ ሃያ ዓመት ይሆነኛል። ንጉሡ ገና አልወረዱም፤ ከቢቸና ሞጣ የሚሄድ መኪናም በሳምንት አንዴ ቢገኝ ነው። እኔ ልዳር እየሄድኩ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከቢቸና ተሳፈርኩ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ገባሁ። በእነዚያ ሁለት ቀኖች የሆነውን ለልጆቼ በቁርጥራጭ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ለማንም አላወራሁም። እናንተ ጊዜ ካላችሁ እኔ አልቸኩልም።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልናገር። አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ጎጇችን ከቢቸና ወዲያ ማዶ፣ ከሌላው ሰው ቤት ራቅ ብላ፣ ከወንዝ ዳር ነበረች። ያገሩ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስርበትን ምራን፣ አልጋውን የሚወጥርበትን ጠፍር፣ በሬውን የሚነዳበትን ጅራፍ ከአባቴ እጅ ይወስዳል፤ እቤቱ ግን አያስገባውም። ውኃ ቢጠማው በቅል ቀድተው ከደጅ ይሰጡታል፣ ቅሉንም እዚያው ይጥሉታል። ዓይናችን ሰው ይበላል ይባል ነበር። አባቴ አይቆጣም፤ በእኛ ምራን አርሰው በልተዋል፣ ይብቃን ይል ነበር። ለእሱ በቃው፣ ለእኔ ግን አልበቃኝም።

ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእኔ አስተማረኝ። ጥሬ ቆዳ ምን ያህል እንደሚነከር፣ ፀጉሩ በየት በኩል እንደሚላጭ አሳየኝ። ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ደግሞ ከአንድ ቆዳ ዳር ጀምሮ፣ ዙሪያውን እየዞረ፣ ቢላዋውን ሳያነሣ መሐሉ ድረስ እየገባ አንድ ረጅም ጠፍር ማውጣቱ ነበር። ቋጠሮ የሌለው፣ መጋጠሚያ የሌለው። ይህን አቆራረጥ ከፋቂ ልጅ በቀር የሚያውቀው የለም። ገበሬ ቆዳ ቢቆርጥ ቀጥ አድርጎ ነው፤ ሲያጥረው ይቀጥለዋል።

አባቴ ሲሞት ጎጆዋን ዘግቼ ቢቸና ከተማ ገባሁና ከአንዲት ጠጅ ሻጭ ቤት ተቀጠርኩ። ከየት ነሽ ሲሉኝ ከሉማሜ ወዲያ፣ የገበሬ ልጅ፣ ወላጆቼ ያለቁብኝ ነኝ አልኩ። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሆኜ ኖርኩ።

እመት ጥሩነሽ የሞጣ ሴት ናቸው። ለገበያ ቢቸና ሲመጡ ከእመቤቴ ቤት ያርፉ ነበርና ዝምታዬን ወደዱልኝ። ሚስቱ የሞተችበት ደምሴ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ሁለት ጊዜ አብሯቸው መጣ። በሁለተኛው ጊዜ ብርሌ ሳቀብለው አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ጠጣር ቆዳ አየና፣ ይህች እጅ ከጠጅ መቅዳት የከበደ ሥራ ታውቃለች ብሎ ሳቀ። የማጭድ ነው አልኩት። የቢላዋ ነበር። በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ፤ ወደድኩት።

ሽማግሌ ተላከ፣ ዘር ተጠየቀ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እኔም ሰባቱን ሳልደናቀፍ ቆጠርኩ። ስሞቹን የወሰድኩት ከሉማሜ እየመጣች በእመቤቴ ደጅ ከምትለምን አንዲት አሮጊት ነው፤ ዘሯን ቆጥራ ማልቀስ ልማዷ ነበር። ሉማሜ ድረስ ሄዶ ያጣራ ሰው የለም። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ፤ እመት ጥሩነሽ ራሳቸው መጥተው ይዘውኝ ሊሄዱ ሆነ።

መኪናዋ ትንሽ፣ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። ኬሻ ሙሉ ጨው ተጭኗል፣ ሰው ከጨው ላይ ይቀመጣል። ሹፌሩ ተስፋዬ ይባላል፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ ሲያወራም ሲነዳም ከጥርሱ መሐል ክብሪት እንጨት አይጠፋም። ከተሳፋሪው ወደ ሞጣ የሚመለሱ መሪጌታ ሐዲስ የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል። ሌሎቹ ገበያተኞች ናቸው። እመት ጥሩነሽ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ሁለት ሰው አንሥቶ ሰቀላቸው። ከተቀመጡ በኋላ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳቡልኝና፣ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው፣ ሞጣ እስክንገባ ቀና እንዳትዪ አሉኝ። እሺ አልኩ። እንግዲህ መንገዱን ሁሉ የማየው መሬት መሬቱን ነው።

ደብረ ወርቅን አለፍን፤ ጉንደ ወይን ደርሰን እህል ቀመስን። ጠዋት ካፊያ ነገር ጥሎ አቧራውን አርሶት ነበር። ከጉንደ ወይን ወጣ እንዳልን አቀበት ላይ መኪናዋ አቃሰተችና ተስፋዬ እግር ያለው ሁሉ ይውረድ አለ። እመት ጥሩነሽና መሪጌታ ከላይ ቀሩ፤ ሌሎቻችን ወርደን ከኋላ ተከተልን። እኔ እንደታዘዝኩት አንገቴን ደፍቻለሁ፣ ከፊቴ ያለው እርጥብ መሬትና የጎማው ዱካ ብቻ ነው።

ጠዋት ስንሳፈር ልብ ብያለሁ፤ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ እየረገጠ ነበር የሚሄደው፤ ዱካው በየጎኑ አንድ ነው። አሁን ግን ሁለት ሁለት ሆኗል። የኋለኛው ከፊተኛው ፈቀቅ ብሎ፣ ስንዝር በማትሞላ ርቀት፣ ጎን ለጎን ይሄዳል። ውሻ ሲሮጥ እንዲህ ነው፤ ሰውነቱ ጠመም ስለሚል የኋላ እግሩ ከፊተኛው ጎን ይወድቃል። ውሻ ሲወለድ ጀምሮ ነው። መኪናዋ ግን ጠዋት እንዲህ አልነበረችም።

አቀበቱ ጫፍ ላይ ቆመን ሰው ሲሳፈር ለተስፋዬ ነገርኩት። ክብሪት እንጨቱን በምላሱ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረና፣ "የኔ እመቤት፣ የጠፋችብሽ በቅሎ ካለች በዱካዋ ፈልጊ፤ ይቺ መኪና ናት" አለኝ። ሰው ሳቀ። እመት ጥሩነሽ ከላይ ሆነው፣ ሙሽራ ከመቼ ወዲህ ነው መኪና የምታስተምረው አሉና ነጠላዬን እንድስብ በእጃቸው አሳዩኝ። ዝም ልል ነበር። መሪጌታ ግን፣ እኔ ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ ወርጄ አይ ነበር፤ አንተ ዓይን ካለህ ምን ያሰንፍሃል አሉት። በመሪጌታ ፊት ስለሆነ አፈረና ወረደ።

ዱካውን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ከዚያ መለካት ፈለገና የሚለካበት አጣ። መቀነቴን ፈትቼ ሰጠሁት። ሙሽራ በአደባባይ መቀነት ስትፈታ ደግ ምልክት አይደለም፤ እመት ጥሩነሽ ፊታቸውን አዞሩ። እሱ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ለካና መቀነቱን ቋጠረው። ቋጠሮውን ይዞ በግራ ሲለካ አልደረሰም፤ አራት ጣት ጎደለ። የግራው የኋላ ጎማ አራት ጣት ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሲወጣ ክብሪት እንጨቱ ከአፉ ጠፍቷል።

ከፊታችን ቁልቁለቱ ይታያል። መንገዱ በግራ በኩል ገደል ይዞ እየተጠማዘዘ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ተስፋዬ ወደዚያ አየና፣ አንቺ ባታዪው ኖሮ እዚያ ታች ነበር የሚታየኝ አለኝ።

ወንዶቹ ተጎንብሰው ሲያዩ እኔም አየሁ፤ መሪጌታ ደግሞ ከላይ ሆነው ንገረን እንጂ እያሉ ይጠይቁታል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ወፍራም ብረት አለ፣ አክስል ይሉታል። አክስሉ በየጎኑ ከባሌስትራ ጋር ታስሯል። ባሌስትራ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ረጅሙ ከላይ አጭሩ ከታች የተደራረበ ብረት ነው። "ሰው ሸክም ብቻ የሚሸከም ይመስለዋል" አለ ተስፋዬ። "አክስሉን ቦታው ላይ የሚያቆየውም እሱው ነው። ባሌስትራው ከለቀቀው ጎማው ወደ ፈለገበት ይሄዳል።"

የባሌስትራው የፊት ጫፍ በወፍራም ብረት ከመኪናው አጥንት ጋር ተሰክቷል፤ ወዴትም አይልም፤ አክስሉ የሚጎተተው በዚያ ነው። የኋላ ጫፉ ግን በአጭር ማንጠልጠያ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሸክም ሲጫነው ቀስቱ ይቃናና ይረዝማል፤ የሚረዝምበት ስፍራ ካልተተወለት ይሰበራል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያማ እንደ ቆሎ ተማሪ ነው፣ ልቡ ከመምህሩ ታስሮ እግሩ አገር ያያል አሉ። ተስፋዬ በዚያ ጭንቀቱ መሐል ሳቀ።

መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት የጣት ውፍረት ያላት ቡሎን አለች። የተደራረበውን ብረት ሁሉ በስታ ወርዳ ራሷ ከአክስሉ ላይ ካለች ጉድጓድ ትቀመጣለች። ባሌስትራውንና አክስሉን ደግሞ ሁለት የታጠፉ ብረቶች ከላይ አቅፈው ከሥር በዳዶ ይጠብቃሉ። ከሁለቱ አንዱ ተሰብሮ ወድቋል፤ ሌላው ላልቷል። እነሱ ሲላሉ ጭነቱ ሁሉ በዚያች ቡሎን ላይ ሆነና ቆረጣት። ቡሎኗ ስትቆረጥ አክስሉን ባለበት የሚይዘው ጠፋ።

ሞጣ ሰው ልኮ ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል አለ ተስፋዬ። ይህን ጊዜ እመት ጥሩነሽ ተናገሩ። እሑድ ሰርግ አለብን፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ገመድም ይሁን ምን አስረህ ንዳ አሉት። የጨው ባለቤቶቹም አገዟቸው። አያ ምትኩ የሚባሉ ገበሬ ግቢያቸው ከመንገዱ አጠገብ ነበርና የሰውን ድምፅ ሰምተው መጡ፤ ችግሩ ሲነገራቸው ሄደው ምራናቸውን ከነግንድ እንጨት ይዘው ተመለሱ። በበሬ ጉልበት ያልተበጠሰ ምራን ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት ነው አሉ። እውነትም ጥሩ ምራን ነበር፤ በቅቤ ታሽቶ ታሽቶ እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

ተስፋዬ ሙያ ነበረው፤ አልክደውም። መኪናዋን በክሪክ አነሣ። ከአክስሉ እስከ ባሌስትራው ፊት ገመድ አዞረና በግንዱ እየጠመዘዙ ሲያጠብቁት ያ ወፍራም ብረት እየተንቀጠቀጠ አራት ጣቱን ወደ ፊት ተመለሰ። ከቆርቆሮ ሳጥኑ አንድ ቀጠን ያለች ቡሎን አግኝቶ ስስ ቆርቆሮ ጠቅልሎባት በቀዳዳው ሰካት። የቀረውን ማቀፊያ አጠበቀ። የተሰበረውን ማቀፊያ ቦታ ደግሞ በአያ ምትኩ ምራን አሰረው፤ ሦስት ጎበዝ እግሩን ተክሎ ጎተተ። በእጁ ነቀነቀው፣ አልተነቀነቀም። ሁሉም ደስ አላቸው።

እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። የታሸ ምራን ሲጫነው እንደሚለጠጥ ከዚያ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እነሱ ምራን የሚያውቁት ተሠርቶ እጃቸው ሲገባ ነው፤ ሲሠራ ቆመው አይተው አያውቁም፤ ደጃችን አይደርሱምና። ሞፈርና ቀንበር ትንሽ መላወስ አለበት፣ ለዚያ ነው ምራን በቅቤ የሚታሸው። ይህ ግን መላወስ የለበትም። የሚያስፈልገው ያልታሸ ጥሬ ቆዳ ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ተጠምጥሞ ከታሰረ በኋላ ሲደርቅ ራሱን በራሱ የሚያጠብቅ።

ዝም አልኩ። ይህን ሳላቃልል መናገር አለብኝ። ምራኑ ሲታሰር ዝም አልኩ፣ ክሪኩ ሲወርድ ዝም አልኩ። ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ብናገር በምን አወቅሽ ይሉኛል፤ ለዚያ ጥያቄ ሉማሜ መልስ የላትም።

ተስፋዬ ቁልቁለቱን በእግሩ መውረድ የሚችል ሁሉ በእግሩ ይውረድ አለ። ከላይ የሚቀሩት መሪጌታና እመት ጥሩነሽ ናቸው። እመት ጥሩነሽ ልክ ከዚያ ከግራው ጎማ በላይ ባለው ኬሻ ላይ ተደላደሉና ጋቢያቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። ሳቀብላቸው እጄን ያዙና፣ "መሬቱ እርጥብ ነው፤ ስትወርጂ እንዳትንሸራተቺ፣ ልጄ" አሉኝ።

እስከዚያ ድረስ በስሜ፣ ስንዱ ነበር የሚሉኝ። ልጄ ያሉኝ ያኔ ነው።

ሄጄ ከመኪናዋ ፊት ቆምኩ። ተስፋዬ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"ጋሼ፣ አይንዱ። ያ ምራን ይለጠጣል።"

"በምን አወቅሽ?"

"ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉትና ይዩት።"

አደረገው። ወርዶ ሲያይ ምራኑ ጣት የሚያስገባ ላልቷል። ከመኪናዋ ሥር እንደተኛ፣ እሺ ምን ይሁን አለኝ። ነገርኩት። አያ ምትኩ ሰሙና፣ የማክሰኞ ቅርጫ በሬ ቆዳ ከግቢዬ ተወጥሯል፣ ግን ማን ይነካዋል፣ ፋቂው የሚመጣው ቅዳሜ ነው አሉ። ፋቂው ሲሉ ማንንም ለመንካት አልነበረም፤ ዝናብ መጣ እንደማለት ነው።

ቆዳው መጣ። ከወንዙ ገባር ምንጭ ውስጥ ነከርነውና ፀሐይ ትንሽ ዘንበል እስክትል ቆየ። ከዚያ አንዱ ጎበዝ ቢላዋ አወጣና ቀጥ አድርጎ ይቆርጥ ጀመር፤ ክንድ ተኩል ወጣ። ሌላ ቆረጠና ቀጠለው። ቋጠሮውን አየሁ። ቋጠሮ ያለበት ጠፍር ሲደርቅ የሚሸሸው በቋጠሮው ነው። እንደ እነሱ ቆርጬ፣ እንደ እነሱ ቀጥዬ ባግዛቸው ማንም ምንም አይልም ነበር። ያም ይታየኝ ነበር።

"ስጠኝ" አልኩት።

ነጠላዬን አውልቄ ከቁጥቋጦ ላይ ጣልኩ። ፀጉሩን ላጨሁ። የቆዳውን ዳር በግራ እግሬ አውራ ጣት ይዤ፣ ቢላዋውን ወደ ራሴ እየሳብኩ፣ ቆዳውን ከሥር እያዞርኩ ቆረጥኩ። እጄ ሦስት ዓመት የቦዘነ አይመስልም ነበር። ጠፍሩ ከጉልበቴ ሥር እየተጠቀለለ ወረደ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ እያልኩ ወደ መሐል ገባሁ። ሰው መነጋገር ተወ። ቢላዋው ቆዳውን ሲሰነጥቅ ብቻ ይሰማል።

መሪጌታ ከላይ ሆነው፣ ለምንድን ነው ሁሉም ዝም ያለው ብለው ጠየቁ። 

ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተስፋዬ አጠገቤ ተኝቶ ጫፉን ይቀበለኛል፤ እኔ በባሌስትራው ላይ፣ በአክስሉ ሥር፣ ደግሞ በላይ እያሳለፍኩ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ጠመጠምኩት፤ እያንዳንዱን ዙር በጥርሴም በእግሬም እየጎተትኩ። ለስላሳ ስለነበር ሲያየው አላመነኝም፤ ይህ ሊጥ ነው አለኝ። ነገ ይጠይቁኝ አልኩት።

እዚያው አደርን። ማታ አያ ምትኩ ቤት ገበታ ቀረበ። ሰው ሁሉ ሲከብ እኔም ልቀርብ ስል እመት ጥሩነሽ ከገበታው ቆርሰው በኮባ ቅጠል ላይ አደረጉና በሩ አጠገብ አኖሩልኝ። አላንቋሸሹኝም። ጎንበስ ብለው ሲያስቀምጡት በዝግታ ጠየቁኝ።

"ሰባቱን የቆጠርሽው የማንን ነው?"

"የሌላ ሰው፣ እመት።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ቅጠሌን ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ መሪጌታ በበትራቸው እየዳበሱ መጡና ከጎኔ ተቀምጠው ከቅጠሌ ቆረሱ። አንዱ፣ የኔታ ገበታው በዚህ ነው ቢላቸው፣ "ዓይኔ አያይም፤ የማን ገበታ እንደሆነ በምን ልወቅ" አሉና አጎረሱኝ። የዚያን ጉርሻ ጨው እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፀሐዩና ነፋሱ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። ጠፍሩ ጠቁሮ፣ ከብረቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ተስፋዬ በመፍቻው ሲመታው እንደ እንጨት ጮኸ። መኪናዋን ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረጋት፤ ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አልተገኘም። አያ ምትኩ ለእመት ጥሩነሽ በቅሎ ላበድርዎ፣ ቁልቁለቱን በበቅሎ ይውረዱ አሏቸው። እመት ጥሩነሽ አጎንብሰው ጠፍሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስቀሉኝ አሉ። የተቀመጡት ትናንት ከተቀመጡበት፣ ከግራው ጎማ በላይ ነው።

ይህን ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ነፍሳቸውን በእኔ ጠፍር ላይ አስቀመጡ፤ በገበታቸው ግን አላስቀመጡኝም። ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ሲኖሩ አይጣሉም። በእሳቸው ብቻ አይደለም ያየሁት።

ቁልቁለቱን ከኋላ ተከትዬ በእግሬ ወረድኩ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥያለሁ፤ አንገቴን ደፋ ያደረግሁት ግን ዱካውን ለማየት ነው። ሌሊት ጤዛ አርሶት ነበርና መሬቱ ሁሉን ይናገራል። የፊተኛው ጎማ ያለፈበትን የኋለኛው እየረገጠ፣ አንድ ዱካ ብቻ እየተወ፣ ገደሉን በግራው አድርጎ እየተጠማዘዘ ወረደ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ተስፋዬ ወርዶ አየኝ። አንድ ነው አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ተሳፈረ።

ሞጣ መኪና ከሚቆምበት ቦታ ደምሴ አዲስ ልብስ ለብሶ ይጠብቅ ነበር። እናቱን አወረደና ወደ እኔ ሁለት እርምጃ ተራመደ። እመት ጥሩነሽ ክንዱን ይዘው የሆነ ነገር ነገሩት፤ ብዙ ቃል አልነበረም። እጄን አየ። ፊቴን አላየም። ከዚያ እናቱን ደግፎ ሄደ። አልረገምኩትም፤ እኔም ሰባት ስም ዋሽቼዋለሁ። እመት ጥሩነሽ ጋቢያቸውን ከልብሴ ጥቅል ላይ ትተውት ነበር። ስጦታ ይሁን፣ የነካሁት ስለሆነ ይሁን፣ እስካሁን አላወቅሁም። በርዶኝ ነበርና ለበስኩት።

ተስፋዬ ማቀፊያ ብረቱ መጥቶለት ጠፍሩን ሊፈታ ቢል እምቢ አለው፤ በመጋዝ ነው የቆረጠው። የተቆረጠውን አምጥቶ ሰጠኝ። በውስጡ የባሌስትራው ንብርብር ጠርዝና የአክስሉ ክብ ቅርጽ ታትሞበታል። ከእንግዲህ ምን ትሠሪያለሽ አለኝ። ጠፍር አልኩት። ከዚያ በኋላ ከየት ነሽ ለሚለኝ ሁሉ የፋቂ ልጅ ነኝ ማለት ጀመርኩ። በሞጣ፣ በጉንደ ወይን፣ በቢቸና፣ በሉማሜ ገበያ እየዞርኩ ምራንና ጠፍር ሸጬ ኖርኩ፤ ሉማሜ ላይ ሸማኔ አግብቼ ወለድኩ። ሰባቱን ሲጠይቀኝ የራሴን ሦስት ቆጠርኩለት፤ ከሦስት በላይ አላውቅም ነበር። እሱም ሁለት ነው የሚያውቀው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ደፋር ነበረች እንዳትሉኝ። እመት ጥሩነሽ ልጄ ባይሉኝ ኖሮ ዝም እል ነበር ብዬ እሰጋለሁ። ከዚያ ቀን የቀረልኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ደህና ሲሄድ ሳይ የሚሸከመውን ብቻ አላይም፤ ከምን ጋር እንደታሰረ እጠይቃለሁ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠማማ ስሄድ ዱካዬን ያየልኝ አልነበረም፤ ራሴም ዞሬ አላየሁም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ ሉማሜ ገበያ ላይ አንድ ሰው መጣና ለአንዲት አሮጊት የአልጋ ጠፍር ፈልጌ ነው አለኝ። ጉልበታቸው ከድሮም አይታጠፍም፣ አሁን ደግሞ አልጋቸው ረግቦ ጀርባቸውን እያመማቸው ነው፤ ከሞጣ ነው የላኩኝ። ሞጣም ፋቂ አለ፣ ምን አደከመህ አልኩት። እሳቸው ከአንቺ ብቻ አምጣ ብለውኛል፣ ዙሪያውን ከምትቆርጠው ሴት፣ መጋጠሚያ የሌለበትን አለኝ።

ትልቁን ቆዳ አወጣሁና ተቀመጥኩ። ከዳር ጀምሬ፣ ቢላዋዬን ሳላነሣ፣ መሐሉ ድረስ ገባሁ። ሰውየው ሲያይ ቆይቶ ጠማውና ውኃ ጠየቀኝ። በራሴ ዋንጫ ሰጠሁት። ትንሽ ዋንጫዋን አየ፣ ትንሽ እኔን አየ፤ ከዚያ ጠጣ።